አዲስ አበባን አዲስ አበባ የሚያሰኛት ምንድን ነው?

የዓለም ከተሞች እየተመሳሰሉ መምጣታቸው ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ የተመራማሪውም የተጓዡም የጋራ አስተያየት ሆኗል፤ ከአንዱ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በሌላው የሚያርፍ ሰው የሚቀበለው የመስታወት ግድግዳ፣ የሆቴል መስተንግዶና የማስታወቂያ ሰሌዳ ትቶት ከመጣው ጋር ያን ያህል አይለያይም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ ኦዤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ስፍራዎች፣ ማለትም ሰው የሚያልፍባቸው እንጂ የማይኖርባቸውን፣ ዝምድናም ትዝታም የማይበቅልባቸውን አዳራሾችና አውራ ጎዳናዎች፣ «ቦታ ያልሆኑ ቦታዎች» ብለው ለይተዋቸዋል። ሆላንዳዊው አርክቴክት ሬም ኩልሃስ ከሦስት ዓመት በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ገልብጠው፣ የከተማ ማንነት የሚባለው ነገር ነዋሪውን አስሮ የሚይዝ ወጥመድ ሊሆን እንደሚችልና ማንነት የሌለው ከተማ ነጻነት እንዳለው ተከራክረዋል። አንዱ በቁጭት፣ ሌላው በማሽሟጠጥ የጻፉት ቢሆንም ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ምልከታ ነው፤ ሉላዊነት፣ ማለትም ገንዘብ፣ ሸቀጥ፣ ዕውቀትና ሰው ድንበር ሳያግዳቸው መዘዋወራቸው፣ ከተሞችን አንድ ቅርጽ እያስያዘ ነው ከሚለው።

ምልከታው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚያየው የሕንፃውን ፊት ብቻ ነው። የሉላዊነትን ኢኮኖሚ ያጠኑት ሳስኪያ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክን፣ ለንደንንና ቶኪዮን መርምረው ባወጡት ሥራ፣ ምርት በዓለም ላይ በተበተነ መጠን ምርቱን የሚያዙት የባንክ፣ የሕግና የሒሳብ አገልግሎቶች በጥቂት ከተሞች እንደሚከማቹ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ከተሞችን በዓለም ኢኮኖሚ ውስጥ ባላቸው ደረጃ መደርደር የተለመደ ሆነ። ድርድሩ አንድ ከተማ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይነግራል፤ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ ሁለት ከተሞች በጠባይ ለምን እንደማይገናኙ ግን አይነግርም።

ከተማን በጠባዩ ለማጥናት ከተሞከሩት መንገዶች ቀደምት ከሆኑት አንዱ የአሜሪካዊው የከተማ ፕላን ሊቅ የኬቪን ሊንች ነው። ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጥናት የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን ካርታ ሳያዩ በወረቀት ላይ እንዲስሉ ጠይቀው፣ በሰው አእምሮ ያለው ከተማ በአምስት ነገሮች እንደሚዋቀር ደረሱበት፤ እነዚህም ሰው የሚመላለስባቸው መንገዶች፣ እንደ ወንዝና ሐዲድ ያሉ ጠርዞች፣ የራሳቸው መልክ ያላቸው ሰፈሮች፣ ሰው የሚሰባሰብባቸው መጋጠሚያዎች፣ እንዲሁም ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። የጀርሲ ሲቲ ነዋሪዎች ሥዕል የሳሳ ሆኖ መገኘቱ አንድ ከተማ በካርታ ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ በነዋሪው አእምሮ ውስጥ ደብዛዛ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ኖርዌያዊው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊ ክርስቲያን ኖርበርግ ሹልትስ በበኩላቸው እያንዳንዱ ቦታ የራሱ «መንፈስ» አለው የሚለውን የጥንት ሮማውያን እምነት ወደ ሥነ ሕንፃ መልሰው አምጥተዋል። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም ለምርመራ አይመችም፤ መንፈስን የሚያይ እንጂ የሚለካ ስለማይገኝ፣ ብዙ ጊዜ ለቱሪዝም መፈክር ከማገልገል አላለፈም።

ጠንከር ያለውን ጥያቄ ያነሡት በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የሶሲዮሎጂ ምሁራን ማርቲና ሎቭና ሄልሙት በርኪንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የጥናት ስብስብ እንዳቀረቡት፣ ከተማ የአገሩ ወይም የዓለሙ ኅብረተሰብ ማሳያ ብቻ አይደለም፤ ለነዋሪው «ይኼማ የታወቀ ነው» የሚያሰኝ፣ ሳይጻፍና ሳይነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የአሠራር ልማድ አለው፤ ይህንንም የከተማው «የራስ አመክንዮ» ይሉታል። ሐሳቡ ከመንፈስ ተረት እንዲለይ የምርምር ቡድኑ ከጀርመን ፍራንክፈርትንና ዶርትሙንድን፣ ከብሪታንያ ደግሞ በርሚንግሃምንና ግላስጎን ወስዶ በአራቱም ከተሞች ተመሳሳይ ነገሮችን አነጻጸረ፤ ከእነዚህም መካከል የፀጉር ቤቶች አሠራርና በከተሞቹ ውስጥ የሚተረኩ የወንጀል ልብ ወለዶች ይገኙበታል። ምርጫው ለወጉ ቢያስቅም ብልህነት አለበት፤ የፀጉር ቤት መቀስ፣ ወንበርና መስታወት በየትኛውም ከተማ አንድ ዓይነት በመሆናቸው፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሲገኙ ልዩነቱ ከዕቃው እንዳልመጣ ግልጽ ይሆናልና።

በዚሁ መንገድ ቀደም ሲል የሄዱት ሃርቪ ሞሎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በይበልጥ ያፈካዋል። አጥኚዎቹ የወሰዱት በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ጎን ለጎን የሚገኙትን ሳንታ ባርባራንና ቬንቹራን ነበር፤ ለሁለቱም ነዳጅ መጣ፣ ሁለቱንም አንድ አውራ ጎዳና አቋረጣቸው። ቬንቹራ ለነዳጁ ሥራ በሯን ከፈተች፤ ጎዳናውም ከባሕሩ ለያት። ሳንታ ባርባራ ግን እ.ኤ.አ. ከ1925ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በስፓኝ ስልት ራሷን ገንብታ ስለ ነበር፣ ከመልኳ ጋር የማይሄደውን ሁሉ የሚመረምሩ ማኅበራት አፍርታ ቆየች፤ ጎዳናውንም ለብዙ ዓመታት ተከራከረችበት። አንድ ውሳኔ ቀጣዩን እያቀለለ ወይም እያከበደ ሲደራረብ ጠባይ የሚባለው ነገር ይፈጠራል ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ዋና ትምህርት የከተማ ልዩነት የሚገኘው ባለው ንብረት ሳይሆን ከውጭ የመጣውን በሚቀበልበት አኳኋን ነው የሚለው ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ጥናት ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ምክንያቱም አዲስ አበባ «የራሴ» የምትላቸው ነገሮች አብዛኞቹ የመጡ ናቸው። ኅዳር 1879 ዓ.ም. ላይ እቴጌ ጣይቱ ስም ያወጡላት ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፍል ውኃ አጠገብ ስትቆረቆር የተደለደለችው በጦር ጉዞ ሥርዓት ነበር፤ የንጉሡ ግቢ ከፍ ካለው ቦታ ተቀምጦ፣ መኳንንቱ በየኮረብታው ይዞታ ተሰጣቸው፤ በእያንዳንዱም መኰንን ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ የእጅ ባለሙያውና ጥገኛው ጎጆውን ቀለሰ። በኮረብታዎቹ መካከል ያሉት ወንዞችና ገደሎች ሰፈሮቹን ለያይተው ስለ ያዟቸው ከተማዋ መሀል እንዳለው አንድ ከተማ ሳይሆን ብዙ መንደሮች በአንድነት እንደ ሰፈሩባት ሆና አደገች። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ለቤተ መንግሥት የሚሠሩት ባለሙያዎች የነበሩበት ሠራተኛ ሰፈር፣ እነዚህ ሁሉ ያንን ድልድል እስከ ዛሬ የያዙ ስሞች ናቸው። ባለጠጋው ግንብ፣ ድኻው የጭቃ ቤት ይዘው በአንድ አጥር ጥግ መኖራቸው ከጅምሩ የነበረ እንጂ ከጊዜ በኋላ የደረሰ መደበላለቅ አይደለም።

ይህች ከተማ ግን ጨርሶ ላትቆይ ትችል ነበር። የኢትዮጵያ ነገሥታት ማገዶ ሲያልቅ መናገሻቸውን ትተው መሄድ ልማዳቸው ስለ ነበር፣ የእንጦጦና የአካባቢው ደን በተመናመነ ጊዜ አፄ ምኒልክም ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ለማገዶም ለግድግዳ ማገርም ለአጥርም በቅቶ ኮረብታዎቹን ሸፈነ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶችም መተዳደሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የመሬት ደንብ ሰዎች ቦታን በግል እንዲይዙ ሲፈቅድ ደግሞ ትቶ መሄድ የማይታሰብ ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ በብዛት እየገባ የሣር ክዳኑን ተካው። እንግዲህ ከከፍታ ላይ የምትታየውን የድሮዋን አዲስ አበባ ለሚያስታውስ ሁሉ፣ የዛገ ቆርቆሮ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሚለው ሥዕል አንዱ ከአውሮፓ፣ ሌላው ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ያም ሆኖ ከዚህ ሥዕል የበለጠ አዲስ አበባን የሚመስል የለም።

የመጣውን የራስ የማድረግ ልማድ በቤቶቹም ይታያል። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የነበሩትን የከተማዋን ቤቶች በመዘገቡበት መጽሐፍ እንደሚታየው፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች የተሳተፉባቸው የአራዳና የአካባቢው ቤቶች የእንጨት በረንዳቸው፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ የጣሪያ ጌጣቸውና የድንጋይ መሠረታቸው ከሦስትና ከአራት አገር የተውጣጣ ሆኖ ሳለ በየትኛውም አገር ያልተሠራ ዓይነት ነው። ጣይቱ ሆቴል ከዚያ ዘመን ቀርቶ የሚታይ ምስክር ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ይህን መደበላለቅ እንደ በሽታ ቆጠረው። ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ለሙሶሊኒ ያቀረበው ንድፍ ነባሩን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ ቀጥ ያለ ጎዳና የዘረጋ ነበር፤ ያ ንድፍ በወረቀት ቢቀርም፣ በጣሊያኖቹ አርክቴክቶች በጉዊዲና በቫሌ የተነደፈው ፕላን አውሮፓዊውን ከአገሬው ሰው የሚለይ ሆኖ ወጣ፤ በዚሁ መሠረት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። መርካቶ የዚህ መለያየት ውጤት ናት። ወረራው ባበቃ ጊዜ ግን ከተማዋ ፕላኑን ትታ ገበያዋን አስቀረች፤ ለመነጠል የተመረጠው ቦታ የአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ የሚገናኝበት ሆነ። ፒያሳና ካዛንችስ ስማቸውን ጠብቀው ባለቤታቸውን ለወጡ። የቡና ማሽኑም እንዲሁ ነው፤ ማኪያቶ ከጣሊያን የመጣ ልማድ ሆኖ ከተማዋ በየማዕዘኑ ቆማ ትጠጣዋለች፤ በቤት ያለው ሦስት ዙር የጀበና ቡና ግን አልቀረም፤ እንዲያውም በቅርብ ዓመታት ጀበናው ራሱ ከቤት ወጥቶ በመስታወት ፎቆቹ ደጅ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀምሯል። በዳርምሽታት የፀጉር ቤት ያጠኑት ምሁራን አዲስ አበባ ቢመጡ ከዚህ የተሻለ ርእስ ባልፈለጉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ነገር ሁሉን የባህል ጉዳይ ሊያስመስለው ይችላል፤ የ«ራስ አመክንዮ» ሐሳብ በጀርመን የተነሡበት ተቺዎችም የወቀሱት በዚሁ ነው፤ ከተማን በጠባዩ ማጥናት የገንዘብን፣ የመሬትንና የሥልጣንን ነገር ያስረሳል ብለው። ወቀሳው በአዲስ አበባ ላይ ሲፈተን እውነትነት አለው። ባለጸጋና ድኻ በአንድ ሰፈር መኖራቸው እስከ ቅርብ ጊዜ የቆየው ነዋሪው ደግ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በወጣ ጊዜ አከራዩ ከመሀል ወጣ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅ ብሎ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ፤ በዚህም የተነሣ በሌሎች ከተሞች ዋጋ ሲጨምር ወደ ዳር የሚገፋው ድኻ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ ቀረ። ቤቶቹ ሳይታደሱ ማርጀታቸው የዚሁ ሌላ ገጽ ነው። የሰፈር መደበላለቅን የሚያወድስ ጽሑፍ የጋራ መጸዳጃውንና የሚያፈሰውን ጣሪያ ካላነሣ ግማሹን ብቻ ተናግሯል። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ከመጣ ወዲህ ደግሞ የመሀል ከተማ መሬት ዋጋ ያለው ነገር ሆነ፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ በላዩ ያለው ሰፈር ዋጋ ማጣት ጀመረ።

ሰፈርን ከቤቶች ክምችት የሚለየው ግን በቤቱ ግድግዳ ውስጥ የለም። ዕድር የሚባለው ማኅበር በየወሩ ከሚዋጣ ጥቂት ገንዘብ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ገዝቶ የሚያስቀምጥ፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በማለዳ የሚጠራው፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርንና ኪስን ሳይለይ በጉርብትና ብቻ አባል የሚያደርግ ድርጅት ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ዘመዱን ጥሎ ስለ መጣ «ማን ይቀብረኛል?» ለሚለው ጥያቄ ከተማው የሰጠው መልስ ነው ሊባል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ ያልሠራውን ብዙ ነገር የተሸከመችው እንዲህ ባሉ ማኅበራት ነው፤ የከተማ ልዩነትን የሚያጠና ሰው በሕንፃ ፋንታ የዕድር መዝገብ ቢከፍት ብዙ ያተርፋል።

የሊንች ዘዴም እዚህ በራሱ መንገድ ይሠራል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የተሰቀሉ ስሞች አሉ፤ የሚጠራቸው ግን ጥቂት ነው። ሰው ቤቱን ሲያስረዳ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከድልድይ፣ ከአደባባይ፣ አልፎ አልፎም ከፈረሰ ቢያንስ አሥር ዓመት ከሆነው መጠጥ ቤት ይነሣል። የከተማዋ ዋና ካርታ በታክሲ ረዳቱ ድምፅ የሚነገረው ነው፤ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ መገናኛ፣ ሳሪስ እያለ የሚጣራው ወጣት ሊንች መጋጠሚያዎች የሚሏቸውን በቃሉ ይዘረዝራል። ምልክቱ ሲፈርስ ስሙ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ የማያውቀው ትውልድ ይመጣል።

ለከተማዋ የዓለም ፊት የሰጣት የአፍሪካ መዲናነቷ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ከሆነች በኋላ፣ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መጼዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። የአፈወርቅ ተክሌ የቀለም መስታወት ሥዕሎች ያሉበት ይህ ሕንፃ ንድፉ የውጭ ሰው ሥራ ሆኖ ሳለ በየትኛውም ከተማ ቢተከል ትርጉሙን ያጣል። በ2004 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት ስጦታ የተሠራው ባለ 20 ፎቅ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ግን ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሼንዘን ቢወሰድ የሚያጎድለው ነገር ብዙ አይደለም። ልዩነቱ አንዱ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ መሆኑ አይደለም፤ የመጀመሪያው ከአገሩ ሠዓሊ ጋር ተነጋግሮ የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው ተጠናቆ መጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም እንዲሁ ተጠናቆ የመጣ ነው፤ ሐዲዱ በመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች የታጠረ ጠርዝ ሆኖ፣ በሁለት ወገን ያሉ ጎረቤቶች በደቂቃ ይሻገሩት የነበረውን መንገድ በብዙ እርምጃ እንዲዞሩ አድርጓል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም የተካሄደው ሥራ ፒያሳንና ሌሎች ነባር ሰፈሮችን ሲነካ በከተማዋ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው የትኛው ሕንፃ ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም በሚለው ላይ ነው። ጎዳናው ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገድና መብራት አግኝቷል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ለከተማዋ አዲስ ምልክት ሆኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ቅርስን በሕንፃ ብቻ የሚቆጥር መመዘኛ ለሐረር ይሠራ እንደ ሆነ እንጂ ለአዲስ አበባ አይበቃም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ሐረር ጁገል በግንብ የታጠረች፣ በአምስት ነባር በሮች የምትገባ፣ በውስጧ 82 መስጊዶች ያሉባት በመሆኗ ድንበሯን ማስቀመጥ፣ ያለውን መቁጠርና መጠበቅ ይቻላል። የአዲስ አበባ ልዩነት ግን በዝርዝር የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን አጎራባችነት በመሆኑ፣ አንድን የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አስቀርቶ በዙሪያው የነበሩትን መቶ ቤተሰቦች ወደ መቶ ቦታ መበተን መዝገቡ ላይ እንደ ጥበቃ ቢጻፍም ሰፈሩን አላዳነውም።

ስለዚህ ጥናቱ አሁን መሄድ ያለበት ተፈናቃዩ ወደ ሄደበት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከተማዋ ዳርቻ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች በመልካቸው የትኛውም አገር ሊሆኑ የሚችሉ ብሎኮች ናቸው፤ ነዋሪው ግን በግቢያቸው ለበግ ማረጃ፣ ለድግስና ለሐዘን የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር አስፈልጎታል፤ በጀሞ፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ ብሎኮች ዕድሮች በአዲስ መልክ ተቋቁመዋል፤ የቀድሞ ሰፈሩን ዕድር ሳይተው በሁለት የሚከፍልም አለ። ጎረቤት የሚመደበው በዕጣ መሆኑ ሃይማኖትንና ብሔርን እንደ ድሮው ሰፈር ይደባልቃል። ኪስን ግን አይደባልቅም፤ የቤቶቹ ፕሮግራም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ ቤት ፈላጊው አስቀድሞ በሚቆጥበው ድርሻ የተከፈለ በመሆኑና የየፕሮግራሙ ቤቶች በአብዛኛው ለየብቻ በመገንባታቸው፣ ጣሊያን በዘር ሊለያያት ሞክሮ ያልተሳካለትን ከተማ የቁጠባ ደብተር ጸጥ ብሎ በገቢ እየደለደላት ነው።